ስሟን የፈራች ሸክላ ሠሪ

በኦሃዮዋ ኮለምበስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በጣት በምንቆጠርበት ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1987 ዓ.ም. ገደማ፣ የሰው ደብዳቤ አንባቢ እኔ፣ ማንያህልሻል፣ ነበርኩ። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳብኝ አልፈቅድም። የመብራት ቢል የመጣበት፣ ከኢሚግሬሽን ወረቀት የደረሰው፣ የማስታወቂያ ወረቀት አግኝቶ ሎተሪ የወጣለት የመሰለው ሁሉ ፖስታውን ይዞ ሞርስ ሮድ አጠገብ ወዳለው አፓርትመንታችን ይመጣል። ባሌ ጀማነህ «ሚስት ሳይሆን ፖስታ ቤት ነው ያገባሁት» እያለ ያሾፍብኛል።

እትዬ ፋንታዬም እንደ ሌላው ሰው ደብዳቤዋን እኔ ጋ ታመጣ ነበር። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ጋሃና በምትባል የኮለምበስ ዳርቻ ከተማ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አብረን እንሠራለን። እሷ አንሶላውን ከማሽን ታወጣለች፣ እኔ አጥፋለሁ። ከጎንደር ገጠር ተነስታ በሱዳን በኩል ብቻዋን የመጣች ሴት ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ዘመዶቼ የምትለው እኛን ብቻ ነበር። ልጄ ጸጋዬ ሲወለድ ጀማነህ ሥራ ላይ ስለነበር ከነርሷ ተቀብላ መጀመሪያ ያቀፈችው እሷ ናት።

አንድ ነገሯ ግን ያናድደኝ ነበር። የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን አውሶን እሁድ እሁድ ስንሰበሰብ ሁላችንም የሠራነውን ይዘን እንሄዳለን። እሷ ኮካ ኮላና ናፕኪን ገዝታ ትመጣና በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እንኳ ወጥ ሠርታ አታውቅም። በልቤ «ምን ዓይነት ቋጣሪ ሴት ናት!» እል ነበር።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወፍራም ፖስታ ይዛ መጣች። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ባለሀብት ሲሞቱ ለጥቂት ሰዎች መርጃ ብለው ገንዘብ አስቀምጠዋል። ዘንድሮ ከተመረጡት አንዱ የወንዝ ዓሣ የሚያጠና ሳይንቲስት ነው፤ አንዷ የማይሰሙ ልጆች የምታስተምር መምህርት ናት። «እርስዎንም የመረጥነዎት በሸክላ ሥራዎ...»

ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ቀና ስል እትዬ ፋንታዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ቀስ በይ» አለችኝ። «ጀማነህ አለ?»

«የለም፤ ምነው?»

ተነስታ በሩን ቆለፈችው። በገዛ ቤቴ!

ከዚያ ነገረችኝ። እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የመንደሩ ሰው ድስቱንና እንስራውን ይገዛቸዋል፣ ቤታቸው ገብቶ ግን እህል አይቀምስም። ጠይብ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው ይላቸዋል። ሕፃን በታመመ ቁጥር ሰው እደጃቸው ይቆማል። እሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤት ልጅ ታመመና እናቷን «የበላሽው አንቺ ነሽ፣ ትፊበት» ብለው እየጎተቱ ወሰዷት። ልጁ ሞተ። እናቷን ደብድበው በቃሬዛ መለሷት፤ ሳምንትም አልቆየች።

«እዚህ አገር ማንም አያውቀኝም ብዬ ነበር» አለች።

ያ ሁሉ ኮካ ኮላ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሠርታ ብታመጣና ነገ ማንነቷ ቢታወቅ፣ «ከእጇ በላን» ብለው እንዳይጠሏት ፈርታ ነው። ቋጣሪ ያልኳት ሴት! አፈርኩ።

ያጋለጧት እጆቿ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት የምታጸዳው የሰፈር መዝናኛ ማዕከል ውስጥ ፈረንጆች ሸክላ የሚማሩበት ክፍል አለ። አንድ ቀን የተረፈ ጭቃ አየችና አላስቻላት። ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን ራሷ እየዞረችው በእጇ ብቻ አንድ እንስራ አቆመች፤ በጠጠር አለሰለሰችው። አስተማሪዋ ሚስስ ሃርፐር ስታየው ጉድ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃም ምድጃም ሰጥታ አሠራቻት፤ በመጨረሻም ሳታማክራት ሥራዋን ፎቶ አንስታ ለነዚያ ሰዎች ላከችው።

የሚሰጧት የአንድ ዓመት መተዳደሪያ ገንዘብ ነው። አንሶላውን ትታ ሸክላዋን ብቻ እንድትሠራ። ምን ሠራሽበት ብሎ የሚጠይቃት የለም። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ሰኔ ላይ መሀል ከተማ ኤግዚቢሽን ይደረጋል፣ ስሟና ፎቶዋም ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

«ስሜን ትተው እጄን ብቻ ፎቶ ቢያነሱስ?» አለች። «ወይ ደግሞ ተሳስታችኋል፣ ሌላ ፋንታዬ ናት በያቸው።»

«ኦሃዮ ውስጥ ስንት ፋንታዬ አለ?» አልኳት። አልሳቀችም።

«ፎቶዬን አይተው አንድ ልጅ ቢታመም ማንን የሚሉ ይመስልሻል? እናንተን ካጣሁ ማን አለኝ?»

እኔም ቱግ አልኩ። «እትዬ፣ አሜሪካ ነን እኮ! ሰዎቹ ግራንት ይሰጡሻል፣ አንቺ ስለ ቡዳ ታወሪኛለሽ? ሰው ሁሉ ቢሸሽሽ እኔ አልሸሽሽም። ጸጋዬን አቅፈሽ በዚያ አዳራሽ በር አብረን ነው የምንገባው።»

አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ፈረመች፤ ወረቀቱን እኔ ያዝኩላት። ሰኞ ራሴ ኮል አድርጌ «ትቀበላለች» አልኳቸው። የኮራሁትን ኩራት! ለጀማነህ ግን አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ፋንታዬ እንቅልፍ አጣች። ሥራ ቦታ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። «ጋዜጣው መቼ ነው?» ትለኛለች፣ በቀን ሦስቴ። እሁድ የማንኛዋም እናት ልጅ ሲያስነጥስ ተነስታ ውጭ ትወጣለች። እኔ ደግሞ «ተይ እንጂ እትዬ!» እያልኩ እቆጣታለሁ።

ግንቦት ላይ ጸጋዬ ታመመ። ትኩሳቱ በፋራናይት መቶ አራት ደረሰ። ራሱን እያወራጨ ይጮኻል፣ ጡት አይዝም። ሐኪም ቤት ብንወስደው ጉንፋን ነው ብለው መለሱን። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ይሞትብኛል ብዬ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ፋንታዬ ሽርጧን ሳታወልቅ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ጀማነህ በሩን ከፈተላት። «እንዴት ዋለ የኔ ጌታ?» እያለች ወደ አልጋው ቀረበች፤ ግንባሩን ልትዳስስ ጎንበስ አለች።

እጄ ቀደመኝ። ነጠላዬን ስቤ የልጁን ፊት ሸፈንኩት።

ምንም አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። «ሊታመም ዋዜማ አቅፋው ነበር» ብዬ አስቤያለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት፣ እሷን ስቆጣ የከረምኩት እኔ ራሴ ፈራኋት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ነጠላውን አየች፤ እኔን አየችኝ። «እግዜር ይማረው» አለችና ልጁን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ወጣች።

«ምን ሆነች?» አለኝ ጀማነህ።

«ሥራ አላት» አልኩት።

በማግስቱ ሌላ ሐኪም ጆሮውን አየው። መግል ይዟል። መድኃኒት ጀመረና በሦስተኛው ቀን ሲድህ ዋለ። ቤቷ ሮጥኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተችልኝ።

«ተሻለው?»

«ተሻለው፣ ጆሮው ነው። እትዬ፣ ይቅር በይኝ...»

«ተመስገን» ብላ ዘጋችው።

ሆቴሉን ለቀቀች። ደብዳቤዋንም ሚስስ ሃርፐር ታነብላት ጀመር።

ሰኔ ላይ ጋዜጣው ወጣ። እሁድ ስንሰበሰብ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ጋሼ ወልደሚካኤል ፎቶዋን ቆርጠው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ሁለት ሴቶች አንሾካሾኩ፤ የቀረው ሰው ወሬውን ወደ ሥራና ወደ መኪና አዞረ። ይኸው ነው፤ እሷ ያን ያህል የፈራችው አገር ምድሩ ይህን ብቻ አደረገ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ጸጋዬን ይዤ ሄድኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሳ እንስራዎቿ መሀል ቆማለች፤ ፈረንጆች እየጨበጧት ነው። ጸጋዬ ገና ሲያያት «ታዬ!» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ያዢው እትዬ፤ እባክሽ» ብዬ አቀረብኩላት።

ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። «አይሆንም፣ ማንያህልሻል። ነገ ቢያስለውስ?» አለችኝ።

ልጁ እጁን እንደ ዘረጋ ነው። እሷ ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም። መጀመሪያ ያቀፈችውን ልጅ ማየት እንድትፈራ ያደረግኳት እኔ ነኝ።