የአራት ቀን ዝናብ

ጋሽ ሚሊ ይሏቸዋል፤ «ሚሊሜትር» ቢረዝምባቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው የምርምር ሜዳ ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍተው፣ ውሃውን ለክተው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ስንቱ ፕሮፌሰር መጥቶ ሄደ፣ ስንቱ ዲን ተሾሞ ተሻረ! እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። ዩኒቨርሲቲው ለሃምሳኛ ዓመቱ በሚያሳትመው የታሪክ መጽሐፍ ላይ ፎቷቸው ሊወጣ ነው፤ ከሥሩ «አንድም ቀን ያልጎደለ መዝገብ» የሚል ተጽፎበት። ባለቤታቸው ለፎቶው ብላ ኮታቸውን ሁለቴ ተኩሳዋለች።

በዚህ ሰሞን ነው አንዲት የዶክትሬት ተማሪ የድሮ መዝገብ ታቅፋ ሜዳው ድረስ የመጣችው።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው። ይቺን ሳምንት ይዩልኝ እስቲ፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ናት። ወንዝ ማዶ ያለው ጣቢያ በሁለተኛው ቀን አርባ ሚሊሜትር ዘንቧል ይላል። እርስዎ ጋ ዜሮ ነው። መለኪያው ተደፍኖ ነበር እንዴ?»

ጋሽ ሚሊ የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን አዩና መዝገቡን መለሱላት።

«ቅጠል… ቅጠል ደፍኖት ይሆናል።»

«እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት!» አለችና ደስ ብሏት ሄደች። የጨዋ ልጅ፣ የነገሯትን አመነች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የምን ቅጠል? ያን ጊዜ ጋሽ ሚሊ አራት ቀን ሙሉ ሜዳውን አልረገጡም። በአምስተኛው ቀን መጥተው የተጠራቀመውን ውሃ ሳይለኩ ደፉት፤ ባዶውን ረድፍ ሲያዩ አፈሩና ቁጥር ከልባቸው እያወጡ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መዝገቡ ላይ ዋሽተው አያውቁም። አሁን ደግሞ ልጅቷ የአምስት ዓመት ልፋቷን በዚህ ውሸት ላይ ልትገነባ ነው።

በማግሥቱ ሥራቸውን ጨርሰው በቀጥታ ቢሮዋ ሄዱ።

«ልጄ፣ ቅጠል አልነበረም። እኔ ነኝ ያልነበርኩት። የአራቱንም ቀን ሰርዢው።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ሊታተም እኮ ነው! ይሄን ከሰሙ ፎቶዎን ከውስጡ ያወጡታል።»

«ያውጡት! እኔ ዝናብ ለኪ እንጂ ዝናብ አዝናቢ አይደለሁም። አራት ቀን ግን አዘነብኩ።»

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው የማረሚያ ቅጹን አወጣችና አራት ሰረዝ አሰመረች።

«ምክንያት የሚል አለ። ምን ልበል? ታመው ነበር?»

ጋሽ ሚሊ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ልጄ ሞታብኝ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ። እሷን እየቀበርኩ ነበር።»

«እንዴ! እዚህ እስከዛሬ ማንም አያውቅም?»

«ማን ይወቅ? ሜዳው ላይ ብቻዬን ነኝ፤ መዝገቡ ደግሞ ሥራ ላይ ነበር ይላል። ለቅሶ ላይ ነኝ ብዬ እንዳልናገር በገዛ እጄ አፌን ዘጋሁት።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ከወንበሯ ተነሳች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ፊታቸው ቆመች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለቻቸው።

ጋሽ ሚሊ «አሜን» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣላቸውም። በኮፍያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።