አጥር የሌለው ግቢ

እህቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ቦንጋ መጥታ፣ በጥብቁ ደን ውስጥ የሚያልፈውን የእግር መንገድ ላሳያት ወሰድኳት። በመንገዱ ዳር ያሉትን መንደሮች ወደደቻቸው። እኔን ያናደደኝ «የድሮው ባላባት ቤት የቱ ጋ ነው?» እያለች መነዝነዟ ነበር። ከአንዱ መንደር ተነሥተው አብረውን የሚሄዱ ሽማግሌ «ቤቱ እዚህ ነበር» ብለው ሣር የለበሰ ሜዳ አሳዩን። አንድ ድንጋይ እንኳ የለበትም።

«በቃ፣ ይኸው ነው?» አለች እህቴ።

መንገዱ ሜዳውን ሰንጥቆ በማለፍ ፈንታ ጠርዙን ይዞ ይዞራል። ለምን እንደሆነ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው።

«አጥሩ በዚህ ነበር» አሉ።

«አሁንማ አጥር የለም እኮ፣ አባቴ።»

«የለም» አሉና እየዞሩ ሄዱ።

ስንመለስ ብቻችንን ነበርን፤ ዝናብም ያዘን። «ማንን ፈርተን ነው?» ብዬ በሜዳው ላቋርጥ ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። ከሣሩ ዳር ቆማ፣ ሰው ደጃፍ ላይ እንደደረሰ እንግዳ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች። ልስቅ ነበር፤ ተውኩት። ትንሽ ጠበቅን። ግቡ የሚለን ስላልነበረ፣ እየበሰበስን በጠርዙ ዞረን ሄድን።