ከፎቶው የወጣችው ልጅ

ኢየሩስ ተድላ ቀጭን ናት። ቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች ባዩዋት ቁጥር «ምነው ከሳሽ? አትበይም እንዴ?» ይሏታል። እናቷ ገበያነሽም ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍቷን ጨርሳ ስትገባ፣ መጀመሪያ የምታየው ድስቱ መጉደሉን ነው። ኢየሩስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሮሪቲ የሚሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበር አባል ስትሆን ግን ቅጥነቷ የሚደነቅበት ቦታ አገኘች። በግሪክ ፊደላት የሚጠሩት እነዚህ ማኅበሮች አባሎቻቸውን «እህት» ይላሉ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ካለው ሰፈሯ ከሳድል ሪጅ በባቡር ስትመላለስ አንድም ጓደኛ ያልነበራት ልጅ ባንድ ጊዜ ቤት ሙሉ እህት ኖራት።

ከሁሉም የቀረበቻት ብሪን ናት። ከካልጋሪ በስተደቡብ ካለች ትንሽ ከተማ የመጣች የገበሬ ልጅ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። መኪና ስላላት በረዶ ሲጥል ኢየሩስን እቤቷ ታደርሳታለች። ገበያነሽም ወደደቻት፤ የቀረበላትን ሁሉ ትበላለችና።

ኖቬምበር ላይ ማኅበሩ የዓመቱን ፎቶ ሊነሳ ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንቷ ማደሊን ልጆቹን እያየች በየቦታቸው አቆመች፤ ቀጫጭኖቹን ከፊት፣ ሌሎቹን ከኋላ። ኢየሩስን ወገቧን ይዛ መሃል ላይ አቆመቻትና «ሁላችሁም እንዲህ ብትሆኑ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር» አለች። ብሪን ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እየሰማ፣ ቀሚሱ እንዳላማረባት፣ ዛሬ ካሜራውን ብትይዝላቸው እንደሚሻል ነገረቻት። ብሪን አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ካሜራውንም ተቀበለች። ኢየሩስም ፈገግ ብላ ፎቶውን ተነሳች። በኋላ እንቅልፍ የነሳት ይህ ፈገግታዋ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ብድግ አለች። «ብሪንን ከፎቶው ያወጣችኋት ወፍራም ናት ብላችሁ ነው» አለች። «ይሄ ነውር ነው።»

ማደሊን አልተቆጣችም። ረጋ ብላ ወደ ብሪን ዞረችና ከፍቷት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሁሉም ዞረው ብሪንን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ፊቷ ቀላ። ምንም እንዳልከፋት፣ እንዲያውም ፎቶ ማንሳት ደስ እንደሚላት ተናገረች።

ኢየሩስ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተለቻት።

«ማን ተናገሪልኝ አለሽ?» አለች ብሪን። «ቀልድ ነው ብዬ ላልፈው ችዬ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም ገላዬን ቆሞ አየ። ያሳየሻቸው አንቺ ነሽ።»

መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ኢየሩስ በዚያ ብርድ ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግሯ ተጓዘች።

ራት አልበላም ስትል ገበያነሽ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት፤ ሁሉንም ነገረቻት። እናትየው አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኛስ ሰው ስናይ መጀመሪያ የምንለው ይሄንኑ አይደል» አለች። «እትዬ ሸዋወርቅን ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ፊት ‹ምን እንዲህ አወፈረዎት› ብያቸዋለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ሳቁ።»

ከዚያ ኢየሩስ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሄዳ አመለከተች። በዚህ ጊዜ የተናገረችው በራሷ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ ወገቧን ተይዛ እንደ ዕቃ ለሌሎች መታየቷን። ከኋላ የቆሙትን ሴቶች ስም ሲጠይቋት አልናገርም አለች። ማኅበሩ ለአንድ ሴሚስተር አዲስ አባል እንዳይቀበል ታገደ። እህቶቿ ሰላምታ ነሷት፤ ላይብረሪ ስትገባ ዕቃቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። ብሪን ከገና እረፍት አልተመለሰችም። ኢየሩስ ይቅርታ እየጠየቀች ደጋግማ ጻፈችላት። መልእክቶቹ ተነብበዋል፤ መልስ ግን የለም።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። እገዳው ተነስቷል፤ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ አዲስ ገቢዎችን ሲጠራ ታያለች። ጠጋ ብላ ልጆቹን ልታስጠነቅቅ ታስባለች። ግን የትኛዋን በገላዋ መርጣ እንደምትጠራ፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ግራ ይገባትና ወደ ክፍሏ ታልፋለች።