የታኅሣሥና የጥር ሚካኤል

በዚያ የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን እንደያዙ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆመዋል። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ ሽማግሌ ሴት ነበሩ፤ እሳቸው ከጽድ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋና የባለሱቁ ሚስት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከውጪው በር አልራቁም። ወንድሟ የሞተባት ሴት ከግንቡ ጥግ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራለች። እናቴ ጽዋውን ይዛ መሀል ግቢው ላይ ቆማለች፤ እኔ የዳቦውን መሶብ ተሸክሜ ከኋላዋ ነኝ። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። የቀሩት አልመጡም።

ጽዋ የምንለው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት በሚካኤል ስም ይጠጣበታል፤ ከዚያ ተረኛዋ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። የዚያ ወር ድግስ የእኛ ነበር። ተቀባይዋ ደግሞ ወንድሟ የሞተባት ሴት ነበረች።

የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ከሽፎ ግርግሩ ካበቃ ገና ሳምንት አልሞላውም። አባቴ ግርግሩን ባስነሳው ጦር ውስጥ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ማለዳ እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ሄደ፣ አልተመለሰም። ይሙት ይታሰር የሚነግረን አላገኘንም። የሴትዮዋ ወንድም የሞተው በሌላው ወገን ተሰልፎ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ነበረች። እኔም አውቀው ነበር፤ በኮተቤ መንገድ በብስክሌት ሲያልፍ የሰፈር ልጆች እየጮኽን እንከተለው ነበር።

ቤታችን ሁለት ጊዜ ተፈትሿል። ሙሴዋ ቤት ውስጥ ሰው ቢሰበሰብ እንደ አድማ ይቆጠራል ብለው ድግሱን ወደ ደጀ ሰላም ያዛወሩት ለዚህ ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አንገቴ ደንዝዞ ዳቦውን እንዳልጥለው እፈራለሁ፤ ወደ ደጀ ሰላሙ ለመግባት ግን ማንም ቀድሞ አይንቀሳቀስም።

«እናንተዬ» አሉ ሙሴዋ፣ «ጅብ እንዳየ ሰው ምን በየጥጉ ያስቆማችኋል? ዳቦው አይናከስም!»

የሳቀ የለም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ፣ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ መንገዱ ላይ ወታደር አለ» አለች።

«ቢኖርስ? ወታደርም ይርበዋል። እንቆርስለታለን።»

የንስሐ አባታችን ወደ እናቴ ቀረብ አሉ። «ተቀያይሞ ጽዋ መቀባበል የለም። ሁለታችሁ ሳትታረቁ አልባርክም» አሉ።

እናቴ ጽዋውን ለሙሴዋ ሰጥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። ወደ ግንቡ ሄዳ ከሴትዮዋ ጀርባ ቆመች።

«እኅቴ» አለች፣ «የእኔ ሰው መኪና ነጂ ነው። ምን እንዳደረገ አላውቅም። በሕይወት መኖሩንም አላውቅም። ስለ ሚካኤል ብለሽ ይቅር በይን።»

«አንቺን አይደለም የተቀየምኩት» አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«እንግዲያ ማንን ነው?» አሉ አባ።

«እሱንም አላውቅም፣ አባ። ብቻ ተቀይሜአለሁ።»

ሙሴዋ፣ «ሐዘንተኛ ነሽ፣ ልጄ። ተራሽን ለሚቀጥለው እናሳልፈው» ሲሉ ግን ሴትዮዋ ድንገት ዞረች። በጥቁር ሻሿ ሥር ፀጉሯ ተላጭቷል።

«የእኔን ተራ ማንም አይወስድም!» አለች። መጥታ ጽዋውን በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለች። «ይህ የሚካኤል ነው። አንቺ ግን የጥር ሚካኤል ዕለት ቤቴ እንዳትመጪ። አሁን አንቺን ማየት አልችልም።»

«እሺ» አለች እናቴ።

አባ ጽዋውን መቀበሏን እንደ ዕርቅ ቆጠሩት መሰለኝ፣ ባረኩ። ዳቦው ተቆረሰ። የደረሰኝን ቁራሽ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ረጅም ነበር። እናቴ በየማለዳው ስንቅ ቋጥራ እስረኞች አሉባቸው ወደተባሉ በሮች ትሄዳለች። አንዱ በር ወደ ሌላው ይልካታል። ከሰዓት በኋላ ስንቁን እንደያዘች ትመለሳለች፤ ያንኑ እራት እንበላዋለን። አባቴ የሚወደውን ስለምትሠራ ምግባችን ከወትሮው የተሻለ ነበር። እየጣፈጠኝ አፍር ነበር።

ማታ ማታ ዳዊት አነብላታለሁ፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ስደርስ፣ «እሱን ድገሚው» ትላለች። አንድ ቀን መጽሐፉን ስዘጋ፣ «ይሰማናል ግን?» አልኳት።

«እኔ መናገሬን አላቆምም» አለች።

በሰፈሩ ሰላም የሚለን ሰው አንሶ ነበር። ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ ወሬ ይቋረጣል። የቀረን ማኅበሩ ነበር፤ እሱም ከተወን የሚጠይቀን፣ ቢብስም የሚቀብረን እንደማይኖር እናቴ ታውቅ ነበር። በማኅበራችን ደንብ አንዲት ማኅበርተኛ በምክንያት ብትቀር ከሚካኤል ዳቦ ድርሻዋ ተቆርሶ ይላክላታል። ካልተቆረሰላት ወጥታለች ማለት ነው። ደንቡ በጽሑፍ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

በጥር አሥራ አንድ ከእስር የተለቀቀ አንድ ሰው አባቴን በዓይኑ እንዳየው ነገረን። ልብስ የሚቀበሉት በማግስቱ ብቻ ነው አለ። እናቴ የአባቴን ሹራብ እያጠፈች፣ «ማኅበሩ ጋ አንቺ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«አትምጪ ብላሽ የለም እንዴ?»

«እኔን ነው ያለችው። ከቤትሽ ሰው አይምጣ አላለችም።»

«ብታባርረኝስ?»

«ትመለሻለሽ።»

በማግስቱ ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ቤቷ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ላይ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ብዙ ቆምኩ። ከውስጥ የሙሴዋ ድምፅ ይሰማል። የባለሱቁ ሚስት ከኋላዬ መጥታ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ» ባትለኝ የምመለስ ይመስለኛል።

አባ፣ ሙሴዋና ሌሎች ስድስት ሴቶች ቀድመው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ጠላ እየቀዳች ነበር። ስታየኝ እጇ ቆመ።

«እናትሽ ላከችሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሷስ?»

«ልብስ ልታደርስ ሄዳለች። አባቴ አለ ብለውናል፤ በሕይወት ነው አሉ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ለማን እየነገርኩ እንደሆነ የገባኝ። የወንድሟ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ። እሷ የጠላውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ልጅቱን አስቀምጧት እንጂ፣ ምሰሶ አደረጋችኋት!» አሉ ሙሴዋ።

«እዚያ ከበሩ ጋ ትቀመጥ» አለች ሴትዮዋ።

ተቀመጥኩ። ጠላ ቀረበልኝ፤ በከንፈሬ ነካሁት። ማንም አላናገረኝም። በመጨረሻ ለጸሎት ተነሣን። አባታችን ሆይ ስንል የእሷ ድምፅ ከሁሉም ጎላ ብሎ ይሰማ ነበር። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስንደርስ ድምፅዋ ጠፋ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ላይ መልሶ ተሰማ።

አባ ዳቦውን ባርከው ቢላዋውን ለእሷ ሰጧት። ለተገኙት ሁሉ አደለች፤ ለእኔም እንደ እንግዳ ትንሽ ቁራሽ ደረሰኝ። ከዚያ የቀሩትን ድርሻ መቁረስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ታማ ስለነበር የእሷ ተቆርሶ ለጎረቤቷ ተሰጠ። የሌላዋም ተቆረሰ። ከዚያ ቢላዋውን ዳቦው አጠገብ አስቀመጠችና ፍርፋሪውን በእጇ ሰበሰበች።

ሙሴዋ አዩዋት። ለእናቴ የምነግራትን በልቤ ማሰብ ጀመርኩ፤ ረስታው ነው ልበል፣ ዳቦው አልበቃም ልበል። ዳቦው ግን ግማሹ እዚያው ነበር። ሴቶቹ መነሣት ጀመሩ። የአባን መስቀል ተሳልሜ በሩ ላይ ጫማዬን አጠለቅኩ።

«አንቺ ልጅ።»

ዞርኩ። ሴትዮዋ ቢላዋውን አንሥታ ከመሀል እየቆረሰች ነበር። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ዓይኔን አላየችም።

«ሳይደርቅ አድርሺላት» አለች።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።