አክስቴ የጆሮ ወርቋን መልሺልኝ አለችኝ

ዛሬ ከሚሴ ከተማ ባጃጅ ውስጥ አክስቴ ዘሀራ «የሰጠሁሽን የጆሮ ወርቅ መልሺልኝ» አለችኝ። በደስታ አለቀስኩ።

መንጋጋዋን ካመማት ቆይቷል። ጥርሷን አስነቅላም አልተሻላትም። ለካ «ያ ክፉ በሽታ ነው» ብላ ለብቻዋ ስትፈራ ኖሯል፤ በቅርቡ ወርቋን ለእኔ፣ ጥሩ ጥሩውን ሻሿን ለእህቴ አደለች። እኛ ሞኞቹ «እንዴት ደግ ሆነች!» እንላለን።

ዛሬ ግድ ብዬ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ፣ ሐኪም ዘንድ አመጣኋት። ሐኪሙ በደንብ መረመራትና «እናቴ፣ ክፉ በሽታ የለብዎትም» አላት።

«ዱጋ? የእውነት?»

«የእውነት። የታመመው የመንጋጋዎ መገጣጠሚያና ጡንቻው ነው። ሲጨነቁ ጥርስዎን ግጥም አድርገው ይነክሳሉ፤ ያኔ ሕመሙ ይብሳል።»

«ታዲያ ውሸቴን ነው የታመምኩት?» ብላ ተቆጣች።

«ኧረ ሕመሙስ እውነት ነው። ፍርሃቱ ግን አባብሶታል።»

«አልሀምዱሊላህ!» ስትል ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። ከዚያ ወጥተን ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ነው ወርቋን መልሺልኝ ያለችኝ።

ሕመሙ ገና አልለቀቃትም። ግን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች፤ መንጋጋዋ ላልቶ አፏ ከፈት ብሏል። እንዲህ ተዝናንታ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

እናንተስ ቤት ሕመሙን ደብቆ ብቻውን የሚፈራ ሰው ገጥሟችኋል? እንዴት አናገራችሁት? እስቲ አጫውቱኝ።