በመስቀል ሰሞን የሞላው ዳታቤዝ

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። እኛ ዘንድ መስቀል ሲቃረብ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ ሐሳቡ የወላጆቹ ቤት ላይ ነው። ጣሪያው ይጠገናል፣ ግድግዳው ይቀባል። ሙስሊሙም ለአረፋ እንደዚሁ ነው። መስከረም ላይ ቀለም ሸጠን አንጠግብም።

ችግሩ፣ እናቶች «የአምናውን» ይላሉ እንጂ ቀለሙን በስም አያውቁትም። ቀለም የሚቀላቅልልን ሰውዬ ደግሞ የሚሠራው በዓይኑ ነው፤ ካላየ አይነካም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ ካርቶን ላይ እየቀባሁ፣ ፎቶ እያነሳሁ፣ ካርቶኑን እየጣልኩ፣ መሸጫው ሶፍትዌር ላይ በደንበኛው ስም ማስገባት ጀመርኩ። ፎቶ ማስገቢያውን የሠሩት ራሳቸው ሶፍትዌሩን የሸጡልን ናቸው፤ ታዲያ ለጌጥ ነው እንዴ ያስቀመጡት? ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከመርካቶ ይደውላሉ፣ «የእናቴን ቤት ቀለም አዘጋጂልኝ» ይላሉ፣ አዘጋጃለሁ። በጣም እኮራበት ነበር።

አምና ገበያው በደራበት ቀን ፕሮግራሙ ደረሰኝ አልቆርጥም አለ። ስክሪኑ ላይ፣ ዳታቤዙ የተፈቀደለትን መጠን ሞልቷል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ሱቁ በሰው ጢም ብሏል፤ ያለ ደረሰኝ አንድ ጣሳ ማውጣት አይቻልም። የሱቁ ባለቤት ሃጂ ሶፍትዌሩን የሸጠልን ድርጅት ቴክኒሻን ጋ አዲስ አበባ ደወሉና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ሠራተኛዎ ናት በፎቶ ያጨናነቀችው» አለ፣ ከዚያው ሆኖ በኢንተርኔት ከፍቶ እንዳየው፣ ገና ሳይጠየቅ።

ሃጂ ዞር ብለው አዩኝ። ደንበኛውም አየኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ያንገበግበኛል። መልካም በሠራሁ ሌባ መሰልኩ።

ጽሑፉን በስልኬ ፈለግሁት። እንዲህ የሚለው በነጻ የሚወርደው ዳታቤዝ ነው፤ ጣሪያ አለው፤ ሲሞላ ያቆማል። የሚከፈልበት እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ለሃጂ ደግሞ የሚከፈልበትን፣ ሙሉውን ነው የሸጡላቸው፤ እኔው ፊት፣ ሻይ እየጠጡ፣ «ለልጅ ልጅዎ ይተርፋል» እያሉ።

«ወንድሜ፣ ነጻውን ነው እንዴ የጫናችሁልን?» አልኩት።

«እህቴ፣ ለክፍለ ሀገር ሱቅ እሱ ይበቃል ብለን ነው።»

ለክፍለ ሀገር ሱቅ! የክፍለ ሀገር ሰው ሲከፍል ሙሉ ነው፣ ሲሰጠው ነው የሚጎድለው። እኛ የምናስታውሰው ብዙ ነገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ደሜ ፈላ። 

«ወላሂ፣ ይህን አልረሳውም» አሉ ሃጂ። «አሁን ግን ሰው ቆሟል። ምን እናድርግ?»

«ፎቶዎቹን ያጥፏቸው፣ ወዲያው ይሠራል።»

መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ልገልብጣቸው ብል፣ ቴክኒሻኑ አንድ በአንድ ካልሆነ አይወጡም አለ። ሰዉ ይጮሃል። ወደ እንሴኖ ከተማ የሚሄደው መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ሃጂ በለሆሳስ «አጥፊው፣ ልጄ» አሉኝ። አጠፋሁት። ደረሰኙ ወዲያው መውጣት ጀመረ፤ ሰዉም ደስ አለው። እኔ ብቻ ላለቅስ ደርሼ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ደወለች። እናቷ በክረምቱ ዐርፈዋል። የቤቱ ልስን በዝናብ ረግፎ ከግድግዳው ላይ የቀረ ቀለም የለም። ለመስቀል ሰው ሲገባ፣ ቤቱ እሳቸው መርጠው እንዳስቀቡት ሆኖ እንዲጠብቀው ነው የፈለገችው።

«እናንተ ጋ አለ አይደል? እማዬ አንቺ ፎቶ ስታነሺው አይታ፣ 'ከእንግዲህ ብሞትም አይጠፋም' ብላኝ ነበር።»

የእናቷን ስም ከፍቼ የፎቶውን ባዶ ቦታ አየሁ። «ሃሎ?» አለች። «ሃሎ? እየሰማሽኝ ነው?»

ፎቶው ዛሬ መጥፋቱን ነግሬ፣ አጥፉት ያለንን የቴክኒሻኑን ስልክ ቁጥር ሰጠኋት። ምን እንደምትለው ግን ልነግራት አልቻልኩም።