የአባቴ ክላሽ ሽያጭ

አባቴ አስማረ በሬ ሲሸጥ አይቻለሁ። ዋጋ ይቆርጣል፣ ገመዱን ያቀብላል፣ ዞሮ ሳያይ ወደ ቤቱ ይመጣል። ክላሹን እሸጣለሁ ሲልም እንደዚያው የሚያልቅ መስሎኝ «ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። አስተማሪ ስለሆንኩ በቤታችን ጽሕፈት የእኔ ፋንታ ነው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ አቦቦ የሰፈረ ገበሬ ነው። በቆሎ ይዘራል፣ ሰሊጥ ይሞክራል፣ ከዝንጀሮ ጋር ይጣላል። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥንቃቄው ግን ያሰለቻል። ክላሹ አልጋው ሥር፣ የጥይት ካዝናው ሳጥን ውስጥ፣ ጥይቱ ደግሞ የማሽላው ጎተራ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እናቴ አባይነሽ ማሽላ ልትቀዳ ገብታ ጥይት ይዛ በወጣች ቁጥር ቤቱ በጩኸቷ ይናጋል።

ለመሸጥ የተነሳው በወንድሜ በስንታየሁ ምክንያት ነው። የጎረቤታችን የጋሽ ፈረጅ በሬዎች በቆሎአችን ውስጥ ገብተው፣ ስንታየሁና የጋሽ ፈረጅ ልጅ ሙስጠፋ በዱላ ተፈነካከቱ። ስንታየሁ ደሙ እየፈሰሰ ቤት ገብቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ደግነቱ አባቴ ቀድሞት ክላሹን አሽሽቶ ነበር። «የት አደረስከው?» እያለ ቤቱን ሲያተራምስ እናቴ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቆሙ፤ ስንታየሁም ያን ክላሽ መፈለጉን አልተወም። አባቴ «ይሄ ነገር ሰው ሳይበላ ከቤቴ ይውጣ» አለ። እኔም ከእሱ እኩል ፈርቼ ነበር።

ጠረፍ ላይ ወዳለችው ማታር ወስዶ ድንበር ለሚሻገር ነጋዴ መስጠት ይቻል ነበር። እዚያ ስም የሚጠይቅ የለም ይላሉ። አባቴ ግን ሊሰማ አልፈለገም። «ነገ በዚያ ጠመንጃ ሰው ቢሞት የሚጠራው በማን ስም ነው? ስሜ ከላዩ ካልተነሳ አልተሸጠም» አለ። ገዢውም ፈቃድ ያለው ሰው መሆን ነበረበትና፣ ብዙ ከተፈለገ በኋላ ኦጁሉ የሚባል ከብት አርቢ ፈቃዱን ይዞ መጣ። እሰይ፣ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው አልኩ።

ብቻ! ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው ተባልን። ሊቀመንበሩ ሲገኙ ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ማህተም ያዡ ሲመለስ ደብዳቤው ላይ የአያቴ ስም ተሳስቶ ተጽፏል። ጉርድ ፎቶ አምጡ ሲሉን አባቴ ባርኔጣዬን አላወልቅም ብሎ ፎቶ አንሺውን አስመረረው። ወረዳ ስንደርስ መብራት የለም፤ መብራት ሲመጣ ማተሚያው ቀለም ጨርሷል። መንገዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አባቴ ክላሹን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከፊት ባለው ባጃጅ ይሄዳል፣ እኔ ጥይቱን በቦርሳ ይዤ ከኋላ በሌላ ባጃጅ እከተላለሁ፤ ጠመንጃና ጥይት አብሮ መጓዝ ክልክል ነው ብሎ። የከለከለው ራሱ ነው።

በመጨረሻ የመሣሪያ ምዝገባ ሠራተኛዋ ኛጆክ ማዳበሪያውን አስፈታችው። ጠመንጃው ጥይት እንዳልጎረሰ አረጋገጠች፤ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ፈቃዱን አየች። ደግማ ብረቱን አየች።

«አባባ፣ ይሄ ቁጥር ያንተ አይደለም።»

አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«አባዬ?» አልኩት።

«የፈረጅ ነው» አለ፣ የጎረቤት መጥረቢያ እንደተዋሰ ሰው።

ኛጆክ አልተቆጣችም። «ይሄ እዚህ ይቆያል። ባለቤቱ ያንተን ይዞ ይምጣ» ብላ ሸኘችን።

ውጭ ማንጎ ሥር አስቀምጬ አፋጠጥኩት። ለካ እኔ ልጅ ሳለሁ እሱና ጋሽ ፈረጅ በማሳ ድንበር ተጣልተው መሣሪያ ሊማዘዙ ደርሰው ነበር። ሲታረቁ፣ ዳግም እንዳይደርስ ብለው ክላሾቻቸውን ተለዋወጡ፤ አንዱ በሌላው ላይ ቢያነሳ የሚያነሳው የዚያኑ ሰው ንብረት እንዲሆን። ፈቃድ በሚታደስበት ቀን ጠዋት ተገናኝተው የየራሳቸውን ይይዛሉ፤ አሳይተው ሲመለሱ እዚያው መንገድ ላይ መልሰው ይለዋወጣሉ። ይህን ሁሉ ዓመት!

«ይሄን ሁሉ ስታንከራትተኝ ታውቅ ነበር?»

«ቁጥሩን አያዩትም ብዬ ነው።»

«ለምን ለጋሽ ፈረጅ አትነግረውም?»

«በምን አፌ? ተኳርፈን።»

መንግሥት ፊት ለመቅረብ የደፈረ ሰው ጎረቤቱን እንደምን አደርክ ማለት አቃተው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። «በአንተ ስም ያለው ክላሽ ታዲያ አሁን ሙስጠፋ ቤት ነው ማለት ነው?»

አባቴ ብድግ ብሎ ወደ ባጃጁ ሄደ። ያን ባርኔጣውን ማንጎው ሥር ጥሎት ስለሄደ እኔ አነሳሁለት።

ቤት እንደደረስን ስንታየሁን «ተከተለኝ» አለው። የጋሽ ፈረጅ ሚስት ነሲባ በሩን ከፍታ ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ፈረጅ ከጓሮ መጣ። ሙስጠፋም ግንባሩ ላይ የዱላውን ጠባሳ ይዞ ከኋላው ቆመ።

«ፈረጅ፣ ብረትህን ወረዳ ያዙብኝ» አለ አባቴ። «የእኔን ይዘህ እንድትመጣ ብለዋል።»

ጋሽ ፈረጅ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። «ግማሹ ብቻ ነው» አለ። «ያን ዕለት ሙስጠፋ ሲፈልገው ጊዜ ፈታትቼ ቀሪውን እህቴ ቤት ደበቅኩት።»

«የእኔም ልጅ ፈልጎ ነበር» አለ አባቴ። ወደ ስንታየሁ ዞረ። «አልጋ ሥር ስትፈልገው የነበረው የፈረጅን ነው። የፈረጅን ልጅ በፈረጅ ብረት ልትገድል ነበር።»

«አንተስ?» አለ ጋሽ ፈረጅ ሙስጠፋን። «የአስማረን ልጅ በአስማረ ጠመንጃ!»

ልጆቹ ስለ ልውውጡ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ስንታየሁ እነነሲባ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ወር ሙሉ ስቆጣ የከረምኩት እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

በማግስቱ ጋሽ ፈረጅ ቀሪውን ከእህቱ ቤት አምጥቶ ገጣጠመውና ሁላችንም ወረዳ ሄድን። ኛጆክ ሁለቱን ክላሾች ከየወረቀታቸው ጋር አመሳከረች። «የሚሸጠው የትኛው ነው?»

«ሁለቱም» አለ ጋሽ ፈረጅ።

«እንግዲያው ለሁለቱም ከመጀመሪያው። የቀበሌ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ፣ ምስክር።»

አሁንም ተናደድኩ፤ አልዋሽም። እየተናደድኩ ሁለቱንም ማመልከቻ ጻፍኩ። ለምስክርነት አባቴ ስንታየሁንና ሙስጠፋን ጠራ። ስንታየሁ ከመፈረሙ በፊት ጎንበስ ብሎ ከጋሽ ፈረጅ ክላሽ ላይ ቁጥሩን በጣቱ እየነካ አነበበ። ከዚያ ፈረመና እስክሪብቶውን ለሙስጠፋ አቀበለው።